በክርስትና ስም የተመዘገቡ ሴቶች

ቢቸና፣ የካቲት 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ቅጾቹ መጡ። ሦስት መቶ ናቸው፣ በሁለት ካርቶን ታሽገው። የላኩልኝ ኮሌጅ ሳለሁ ያስተማሩኝ ዶክተር ናቸው። «የደብረ ማርቆስ ልጅ ስለሆንሽ ሴቶቹ ይነግሩሻል ብዬ ነው። ቢቸናን ጨርሰሽ ሞጣን ትቀጥያለሽ» ይላል ደብዳቤያቸው። አንዲት ሴት ስንት ጊዜ አረገዘች፣ ስንት ወለደች፣ ስንቱ በሕይወት አለ። ይህ ቀላሉ ነው። ነገሩ ያለው ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ነው፦ ሳይደርስ የወረደ ጽንስ አለ? በራሱ ወረደ ወይስ አስወረደችው? በማን እጅ?

በዚህ ሰበብ ስንት ሴት እንደምትሞት በአገሩ የሚያውቅ ሰው የለም ይላሉ ዶክተሩ። ቁጥሩ ከተገኘ ግን ሚኒስቴሩ ፊት ያቀርቡታል፤ መድኃኒትም ሐኪምም ይመጣል። አመንኳቸው።

አለቃዬ አቶ ይርሳው፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣ ካርቶኖቹን አይተው ሳቁ። «ከዚያ ከመሬት ግብሩ ሁከት ወዲህ እዚህ አገር እስክሪብቶ የያዘ ሁሉ መሬት ለኪ ነው። አንቺ ደግሞ ማሕፀን ልትቆጥሪ ነው?» አሉኝ።

የካቲት 6

ስድስት ቤት ገባሁ። ስድስት ጊዜ «ስሜ ምን ያደርግልሻል?» ተባልኩ። አንዷ ልጅ የለኝም አለችኝ፣ ጡቷ ላይ የተጣበቀውን ይዛ። ይህስ የማን ነው ብላት «የጎረቤት» አለች። ስቄ ወጣሁ። አንድም ቅጽ አልሞላሁም።

የካቲት 9

አገኘሁት! ግብር የሚጣለው በዓለም ስም ነው። እንግዲያው የክርስትና ስምሽን ብቻ ንገሪኝ እላለሁ፤ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ፣ የሆነውን። ጭቃ ሹሙ አያውቀው፣ ግብር ሰብሳቢው አያውቀው። ዕድሜና ጎጥ እጨምራለሁ፣ ሌላ ምንም። ዛሬ ብቻ ዐሥራ አንድ ሞላሁ። አንዷ ባልቴት «በዚህ ስም የሚጠራኝ እግዜር ነው፤ እሱ ደግሞ ያውቀዋል፣ ጻፊው» ሲሉ የተሰበሰቡት ሁሉ ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው።

አቶ ይርሳው እንኳ «ብልህ ነሽ» አሉኝ። ነኝ።

የካቲት 23

ጾም ከገባ ሳምንት አለፈ። መቶ ሠላሳ ስምንት ቅጽ ሞልቻለሁ። በዘጠነኛው ጥያቄ «አዎ» ያሉኝ ሠላሳ አንድ ናቸው። መጀመሪያ ሁሉም «ሾተላይ ነው የሚበላብኝ» ይላሉ። ዝም ብዬ ስጠብቅ ሌላው ይከተላል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ዘንድ ብቅሉ ዝምታ ሆነ።

የዛሬዋ ሠላሳ ዓመቷ ነው። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ሄዶ ዓመት ከመንፈቅ ቆይቷል። «ሊመጣ ነው ሲሉኝ ጠጣሁት። ሳምንት ሙሉ ደሜ ፈሰሰ፤ ጤፍ እያጨድኩ» አለች። ጽፌ ስጨርስ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ተናግረው ሲያበቁ «ቀኖናዬ ምንድን ነው?» ይሉኛል። እኔ ቄስ አይደለሁም! «አርፈሽ ተኚ፣ ውኃ አፍልተሽ ጠጪ» እላለሁ። አንዷ «ስንት ቀን?» ብላ ያዘችኝ። አርባ አልኳት። ለምን አርባ እንዳልኩ እንጃ። እጄን ስማ ሄደች።

ሞጣ፣ መጋቢት 4

በጭነት መኪና፣ በዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሞጣ ገባሁ። ነጭ ሆኜ ስወርድ ፈንታነሽ የምትባል የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ «ሲስተርዬ፣ ገንፎ ልታገነፊ ነው?» ብላ ተቀበለችኝ። ከክሊኒኩ ጀርባ አንዲት ክፍል ሰጥተውኛል። በአንድ አጥቢያ እጀምራለሁ፤ የመምሬ አካለ ወልድ አጥቢያ ነው፣ ቤቶቹ ተጠጋግተዋል።

መጋቢት 9

ቅጽ ቁጥር 203። እንዲህ ያለ አንድም አልነበረኝም። ወለተ ኢየሱስ፣ ሰባ ዓመት ገደማ፣ ከገበያው በላይ። የዓለም ስማቸው ይርገዱ ነው፤ እሱን አልጻፍኩም። የሠፈሩ አዋላጅ ናቸው። ዘጠነኛውን ስጠይቃቸው «የኔን ነው ወይስ የሌላውን?» አሉኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ፤ ምን እንደሚሰጡ፣ በዓመት ስንት ሴት እንደምትመጣ፣ ሴቶቹ ማታ ማታ በጓሮ በር እንደሚገቡ። «እያለቀሰች የመጣችን ምን ብዬ እመልሳት? አንቺ ትመልሻለሽ?» አሉኝ።

እኔ እመልሳለሁ፣ ሕግ አለ፣ ልላቸው ነበር። ተውኩት። ሁሉንም ጻፍኩት። ዶክተሩ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል።

መጋቢት 13

ዛሬ ከሰዓት አንዲት ልጅ መጣች። ሀብትነሽ ትባላለች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ የአንድ ግራዝማች ልጅ። በዚህ ፀሐይ ጋቢ ተከናንባለች። ጋቢውን ሳይ ገባኝ።

«አይሆንም» አልኳት ገና ሳትጨርስ። «ሕጉ አይፈቅድም፤ እኔም እጄን አላስገባም።»

«ሌላ የሚያውቅ ሰው ቢነግሩኝስ?»

«እኔ እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም።»

ጋቢዋን ሰብስባ «አባቴ እኔን አይገድለኝም። አሳዳጊዋ አንቺ ነሽ ብሎ እናቴን ነው የሚገድላት» አለችኝ። ውኃ ልቀዳላት ወጣሁ። ቅጾቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ስገለብጣቸው ስለነበር 203 ከላይ ነበረ። ስመለስ ልጅቷ ቆማለች። ውኃውን አልጠጣችም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ሄደች።

ምን አድርጌላት ነው?

መጋቢት 16

ሰባት ቅጽ። ራስ ምታት። ውኃ ልቀዳ ነው የወጣሁት። እንግዳ ሲመጣ ውኃ ይሰጣል፤ ይህ ምን አለው።

መጋቢት 19፣ እሑድ

ሀብትነሽን በቃሬዛ አመጧት። ሰውነቷ እሳት ነው። ፔኒሲሊን፣ ግሉኮስ፣ ያለንን ሁሉ። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መኪና ማክሰኞ ነው ይላሉ። እናቷ ከደጅ ተቀምጣለች፤ አታለቅስም።

መጋቢት 20

ዐረፈች። ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት። እጄን ይዛ ነበር። መድኃኒቱን ማን እንደሰጣት እናቷ ጠየቀቻት፣ አባቷ ጠየቃት፣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

መዝገቡ ላይ የሞት ምክንያት የሚለውን እኔ ሞላሁ። «ትኩሳት» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ንገሩኝ እያልኩ ወር ተኩል ሙሉ የሰው ደጅ ስጠና የከረምኩት እኔው ነኝ። ሰው ሰምቶ እናቷ እንዳትዋረድ ብዬ ነው። ለሌላ አይደለም።

መጋቢት 24

ግራዝማች ከሰዋል። መቶ አለቃ ገላው የሚባል፣ ለአገሩ አዲስ የሆነ የፖሊስ መኮንን ዛሬ ጠዋት ክሊኒክ መጣ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ነው የተቀመጠ።

«ሲስተር፣ ከተማው ሁሉ አንድ ነገር ይላል። መድኃኒት የሚያደርጉትን ሴቶች ሐኪሟ ጽፋቸዋለች ይላል።»

«የጥናት ወረቀት ነው። ምስጢር ነው ብዬ ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን? ለሕጉ ነው ወይስ ለሴቶቹ?»

የሞጣን ቅጾች ሁሉ ወሰደ። ዘጠነኛው ላይ «አዎ» ያሉትን ለየ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው፣ 203ም አለበት። ከዚያ ስሞቹን ማንበብ ጀመረ። ወለተ ሥላሴ። ወለተ ማርያም። ወለተ ሥላሴ። አስካለ ማርያም። ወለተ ሥላሴ። ቀና ብሎ አየኝ። «ይህ ምን ማለት ነው?»

«የተጠመቁበት ስም ነው። ሌላ አላውቅም» አልኩ። ሳቄን ዋጥ አደረግኩት። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል።

መጋቢት 27፣ ሰኞ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ነኝ እሷ።

ፖሊስ ጣቢያ አስጠሩኝ። ስገባ መምሬ አካለ ወልድ ተቀምጠዋል፤ ቅጾቹ ጉልበታቸው ላይ። ጭቃ ሹም የማያውቀውን ስም የሚያውቀው እኮ የንስሐ አባት ነው! ግማሾቹን ራሳቸው አጥምቀዋቸዋል፤ የቀሩትን በየቅዳሴው በዚያው ስም ያስቧቸዋል። ዕድሜዋን ጽፌያለሁ፣ ጎጧን ጽፌያለሁ፣ ስንት እንደቀበረች ጽፌያለሁ። ለሳቸው ከዚህ ወዲያ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው የቀረኝ። ይህን ደብረ ማርቆስ የተጠመቅኩት እኔ እንዴት አጣሁት? ብልህ ነኝ ብዬ አልነበር?

መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡ። ከቅጽ ቅጽ ፊታቸው ይጨልማል። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስተኙት። ያኔ ነው የገባኝ። አያውቁም ነበር! ይህን ለኔ ነገሩኝ እንጂ ለሳቸው አልነገሯቸውም።

«ሠላሳ ዓመት የነፍስ አባታቸው ነኝ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ቀኖናም ትሰጫለሽ አሉ። አርባ ቀን የፈላ ውኃ።»

አፈርኩ።

መቶ አለቃው ጣልቃ ገባ። «አባ፣ ንስሐ የነገሩዎትን አልጠይቅም። እዚህ የተጻፈውን ብቻ፣ ማን ማን እንደሆኑ።»

«በንስሐ የሰማሁትን እንዳልናገር አንደበቴ የታሰረ ነው» አሉ መምሬ ቀስ ብለው። «ይህን ግን ለኔ አልነገሩኝም። አንደበቴ አልታሰረም።»

ከዚያ ተነሡ። «ሆሳዕና እሑድ ነው። እስከዚያ የጾሙ አገልግሎት አለብኝ። የሰሙነ ሕማማት ሰኞ መጥቼ የጠየቅኸኝን እመልሳለሁ» አሉት። መቶ አለቃው ቅር ብሎት እሺ አለ። ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ፤ አላዩኝም።

መጋቢት 28

ለፈንታነሽ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ለማን ልንገር? ወለሉን እየጠረገች ሰማችኝ።

«እስከ ሆሳዕና አሉ?» አለች።

«እስከ ሆሳዕና።»

«በሕማማት እኮ ንስሐ አይቀበሉም። ቅዳሜ ያበቃል።» መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ቆመች። «ሲስተርዬ፣ ሰው እስከዚያ ሄዶ በንስሐ ከነገራቸውስ? አንደበታቸው ይታሰር የለ?»

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እስከ ማታ አልተመለሰችም። እሷም ከዐሥራ ዘጠኙ አንዷ ትሁን አትሁን አልጠይቃትም። ቅጿን እኔ ነኝ የሞላሁት፤ ምን አስጠየቀኝ።

ሚያዝያ 1

በመምሬ አጥር ሥር ሴቶች ተቀምጠዋል። ትናንትም ዛሬም። ነጠላ ተከናንበው፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ፣ ተራ እየጠበቁ። በመንገዱ የሚያልፉ ሁለት ወንዶች «ዘንድሮ ሴቱ ሁሉ ጻድቅ ሆነሳ!» ሲሉ ሰማሁ። «ጠበልተኛ መሰሉ» አለ ሁለተኛው። አንዲት የማውቃት ሴት ስትወጣ ዓይኗ አብጧል፤ እርምጃዋ ግን ቀሏታል።

መምሬ ቀኑን ለምን እንደሰጡ አሁን የገባኝ ይመስለኛል። ወይስ እኔ ነኝ እንዲህ ነው ማለት የምፈልገው? ይህን የሚያህል ነገር የሸሸጉትን የንስሐ ልጆች ሰው በአራት ቀን ይቅር ይላል?

ሚያዝያ 2፣ ቅዳሜ

ፈንታነሽ በጣቷ ቆጥራ ነገረችኝ። ዐሥራ ስምንት።

የቀሩት እትዬ ይርገዱ ናቸው። ሄዳ ለምናቸዋለች። «የማላፍርበትን ምን ብዬ እናዘዛለሁ? ስለረዳሁ በመምሬ እግር ላይ ወድቄ ይቅር በሉኝ ልበል? ከእጄ ሰው ሞቶ አያውቅም» አሉ አለችኝ። የሀብትነሽን ነገር ስታነሣባቸው በሩን ዘጉባት። ሌሎቹ ዐሥራ ስምንት ይተርፋሉ፤ እሳቸው ሊታሰሩ ነው። በሰባ ዓመታቸው ከወህኒ አይወጡም።

ከሰዓት በኋላ እኔም ወደ መምሬ አጥር ሄድኩ። ሦስት ሰዎች ቀድመውኛል፤ ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ ተመለስኩ።

እዚህ ልጻፈው እንግዲህ፣ ሌላ ቦታ ካልቻልኩ። ያን ቀን ውኃ ልቀዳ አልነበረም የወጣሁት። እንስራው ክፍሌ ውስጥ ሙሉ ነበር። ልጅቷ ማንበብ ትችላለች፣ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የአገሩ ልጅ ስለሆነች ዕድሜውና ጎጡ ይበቃታል፤ 203 ከላይ እንዳለ አውቃለሁ። በአፌ «አላውቅም» ብዬ በወረቀት ነገርኳት። ሕጉን አልጣስኩ፣ ልጅቷንም አልመለስኩ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ውጭ ቆሜ ቆጥሬ ነው የተመለስኩት፣ አንብባ እስክትጨርስ።

ሚያዝያ 4፣ ሰኞ

እኔንም ፖሊስ ጣቢያ አስጠርተውኛል። መምሬ ሰዓታቸውን ጠብቀው መጡ። በሕማማት መስቀል አያሳልሙ፣ ሰላምታም የለ፤ ገብተው ተቀመጡ። መቶ አለቃ ገላው ቅጾቹን አንድ በአንድ ዘረጋላቸው።

«ይህቺ ማን ናት?»

«ይህ ለእግዜር የተነገረ ነው።»

«ይህቺስ?»

«ይህም ለእግዜር የተነገረ ነው።»

«አባ! ባለፈው ሰኞ አንደበቴ አልታሰረም ብለውኝ ነበር!»

«ያኔ አልታሰረም ነበር። ዛሬ ታስሯል።»

ዐሥራ ስምንት ጊዜ። መቶ አለቃው ላብ በላብ ሆነ። የመጨረሻውን፣ 203ን፣ ጠረጴዛው ላይ በመዳፉ መትቶ አስቀመጠው። «ይህቺስ? መድኃኒቱን የምትሰጠው ይህቺ ናት!»

መምሬ ወረቀቱን አነሡ። አነበቡት። ሊዋሹ አይችሉም፣ የሚያስራቸውም የለም። «ይህቺ…» አሉና አፋቸው ክፍት ቀረ።

«ያቺ ሴት የለችም» አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ። ድምፄ የኔ አይመስልም ነበር።

«ፈጥሬ ነው የጻፍኳት። ዶክተሩ እንዲህ ያለ ነገር ይፈልጋሉ፤ ደስ እንዲላቸው ብዬ። ስሙንም ዕድሜውንም ከራሴ ነው ያመጣሁት።»

«ሌሎቹስ?»

አሰብኩ። አንዷን ብቻ ብል አያምነኝም። «ሌሎቹም አሉበት» አልኩ። «የቢቸናዎቹም።»

«አንቺ ሴትዮ» አለኝ፤ እርስዎ ማለቱ ቀረ። «ሳምንት ሙሉ በሌለ ሰው አስለፋሽኝ?» ቃሌን አስጻፈኝ። ቅጾቹ ሐሰት እንዳለባቸው፣ በገዛ ፈቃዴ እንዳመንኩ። ፈረምኩ። መምሬ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሲወጡ ግን ደጁ ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ቀኑ ሕማማት ነውና መስቀላቸውን ሊያሳልሙኝ አልቻሉም። አብረን እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሄድን።

ሚያዝያ 8፣ ስቅለት

ሰገድኩ። ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም።

ሚያዝያ 13

የዶክተሩ ደብዳቤ። ፖሊስ ጽፎላቸዋል። «ከአንቺ አልጠበቅኩም። ጥናቱ ተሰርዟል፤ ከዚህ በኋላ ይህን ርእስ የሚያምነኝ አላገኝም» ይላል። ከሁለት መቶ በላይ ሴት እውነቱን ተናገረች፤ እኔ ውሸት ነው ብዬ ፈረምኩ። ሠላሳ አንድ ከቢቸና፣ ዐሥራ ዘጠኝ ከዚህ። መድኃኒትም ሐኪምም አይመጣም። የምትመጣው ሌላ ሴት ናት፣ በቃሬዛ።

አቶ ይርሳው ከሥራ ታግደሻል የሚል ወረቀት ልከዋል። ከታች በእጃቸው «ለምን እንዳደረግሽው አልጠይቅሽም» ብለው ጨምረዋል። አለቀስኩ።

ሚያዝያ 15

ነገ ጠዋት መኪና አለ። ሻንጣዬን ስዘጋ እትዬ ይርገዱ በጓሮ በኩል መጡ። ቆመው አዩኝ።

«የለችም አልሽ አሉ።»

«እንዳያስሩዎት ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«እሱንስ አወቅኩት። ሰባ ዓመት ኖሬ ግን የለችም የተባልኩት ባንቺ አፍ ነው።» ባዶው ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። የተቆጡ መስለውኝ ነበር፤ አልነበሩም። አንድ ነገር ሊጠይቁኝ ነው የመጡት።

«ያቺ የግራዝማች ልጅ» አሉ። «ስትመጣ ሆዷ ገፍቷል። አምስት ወር ይሆናታል። እንዲህ ያለውን እኔ አልነካም፣ በዕድሜዬ ነክቼ አላውቅም። ሂጂ ልጄ፣ ውለጂው፣ እኔው አዋልድሻለሁ አልኳት። እሷ ግን ሐኪሟ ናት የላከችኝ አለች። የክርስትና ስምዎን ከወረቀቷ ላይ አሳየችኝ አለች። ሐኪም መርምራ ከላከቻትማ ይሆናል ብላ ነው፣ ከኔ ይልቅ የተማረችዋ ታውቃለች አልኩና ሰጠኋት።» ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሡም። «መርምረሻት ነበር አይደል?»

እጄን እንኳ አላሳረፍኩባትም። ስንት ወርሽ ነው አላልኳትም። ጋቢዋን አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

«አልመረመርኳትም» አልኳቸው።

እትዬ ይርገዱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና እንደ ልጅ አለቀሱ፤ እኔም አጠገባቸው መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሲበቃቸው ተነሡና «መምሬ ቤት አድርሺኝ» አሉኝ። ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸው።